ኦሪን፣ ቀብዱን እንዳትልክ

ለታላቅ ወንድሜ ለኦሪን፤

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? የሞንታና በረዶ ለቀቃችሁ ወይስ እስካሁን አካፋ ይዘህ ከደጃፍህ ጋር ትታገላለህ? ሳልህስ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ስለ ጉልበትህ ግን አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህ “ደህና ነው” እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልጅህ ኮርሊስ ሁሉንም ነግራኛለች። ደረጃውን በቂጥህ እየተንፏቀቅህ እንደምትወርድ፣ ሰው ድንገት ሲመጣብህ ደግሞ ጫማህን የምታስር እንደምትመስል ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጣት። አስጨንቄ አስጨንቄ ነው ያወጣጣኋት።

እኔ ደህና ነኝ። አዲሱ ዳሌዬ ዛሬ ሰባት ሳምንት ሞላው። ትናንት ያለ ምርኩዝ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ አንድ ድስት ሙሉ ድንች ላጥኩ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ድንች የምልጠው አልጋ ላይ ተቀምጬ እንደነበር አታውቅም፤ አልነገርኩህማ። እኔም እንዳንተው ነኝ።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶኝ አይደለም። በስልክ ግማሹን አትሰማኝም፤ ግማሹን ስትሰማ ደግሞ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትናደድ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ወርውረኸው ትሄድና ተመልሰህ ታነበዋለህ።

ኮርሊስ ለጉልበትህ ቀዶ ጥገና ልትፈርመው ያለኸውን የውል ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ኦሪን፣ ያ ሰው ሜክሲኮ ወስዶ የሚያሳክም የደላላ ድርጅት እኔንም ሊያስፈርመኝ የነበረው ነው። ከታች የፈረመው ኬንድል የሚባለው ሰውዬም ያው ነው። እስከ ኤፕሪል ሃያ ድረስ ሁለት ሺህ ዶላር ቀብድ ካልላክህ ቦታህ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብሎሃል አሉ። ለእኔም ቀኑን ብቻ ቀይሮ ይህንኑ ነው ያለኝ። እኔ ሳልልክ ቀኑ ካለፈ በኋላ አራት ጊዜ ደውሎልኛል፤ ቦታው ለማንም አልተሰጠም። ቀብዱን እንዳትልክ። ለዚያ ብለህ ጀልባህንም እንዳትሸጥ። የቀረውን ካነበብክ በኋላ ልትሰድበኝ ትችላለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ምግብ ቤቱን ለኩባንያ አሳልፎ ሲሰጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጭልፋ የያዝኩት ሴትዮ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ሆንኩ። ኢንሹራንሱም አብሮ ሄደ። የዚህ የሲልቨር ሲቲ ሐኪም ራጁን አንስቶ፣ የዳሌዬ መገጣጠሚያ ልስላሴው አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ እንደሆነ አሳየኝ። ሆስፒታሉ ለቀዶ ጥገናው የጠየቀኝ አርባ ሰባት ሺህ ዶላር ነው። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ቁጥሩን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሰው እንደሞተ የምታረዳ ነው የምትመስለው። መንግሥት እስኪያሳክመኝ፣ ስድሳ አምስት እስኪሞላኝ አምስት ዓመት ይቀረኛል፤ አንተም ገና አልደረስክም። እናታችን ለዘጠኝ ዓመት ያንን ወንበር ይዛ በመስኮት እንዴት ታይ እንደነበር ታስታውሳለህ። እርጅና ነው ብለውን እኛም አመንን። እርጅና አልነበረም ኦሪን፤ ይኸው ዳሌ ነበር። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ እኔስ ያንን ወንበር አልወርስም አልኩ።

ሜክሲኮ ሄዶ መታከም እዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግማሹ ከተማ ጥርሱን የሚያሠራው ድንበር ተሻግሮ ነው። ዳሌ ግን ጥርስ አይደለምና ፈራሁ። ስለፈራሁም ነው ደላላ የፈለግኩት። ኬንድል ድምፁ ማር ነው። “ሁሉን ያካተተ፣ አስራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር፤ እርስዎ ሻንጣዎን ብቻ ይያዙ” አለኝ። ለመመዝገቢያ አምስት መቶ ዶላር ላኩለት። ያንን ገንዘብ ዳግመኛ አላየሁትም።

ከውሉ ያዳነችኝ ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው ግራሲዬላ ናት። የሜክሲኮዋ ቺዋዋ ተወላጅ ናት፤ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ወረቀቱን አነበበችና መነጽሯን አውልቃ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ውል ነው ወይስ የልደት ካርድ?” አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እኔ እየሰማሁ ደወለችለት።

“ሁሉን ያካተተ ነው እመቤቴ” አላት።

“ሁሉ ሲሉ ምን ምኑን ነው?”

“ሁሉ ማለትማ... ሁሉ ነዋ።”

“ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም አለበት?”

“እሱ እንኳ በተናጠል ነው።”

“ዳሌዋ ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያስ?”

“እሱ እንደ ዓይነቱ ነው።”

“መድኃኒቱስ? የሁለተኛው ቀን አልጋስ? ሆስፒታሉ ተጨማሪ ቢጠይቅስ?”

“እሱን በሰዓቱ እናየዋለን።”

“ታዲያ ልጄ፣” አለችው፣ “አስራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶው የምንድን ነው? የቢላዋው ኪራይ?”

ሰውየው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እየጎተተች አንድ በአንድ ስታስቆጥረው ዋጋው አስራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ደረሰ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ሺው የራሱ ድርሻ ነው። ኦሪን፣ አንተም ወረቀትህን አውጥተህ “ማደንዘዣ” የሚል ቃል ፈልግበት። እኔ ሦስት ጊዜ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከዚያ በኋላ በቀጥታ ሐኪም ፍለጋ ገባን። ቺዋዋ ከተማ ውስጥ ዶክተር ኤፍራይን ኦሊቫስ የሚባል የአጥንት ሐኪም አገኘን። ግራሲዬላ ሰው አመሰገነው ብላ ብቻ አላለፈችም፤ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቃ በመንግሥት መዝገብ ላይ አረጋገጠች። ቀጥላ እሱ የሠራላቸውን ሰዎች ስልክ ጠየቀችው። እሱ ትናንት የወጣች ታካሚ ሲሰጣት፣ “ዓመት ያለፈው ሰው ስጠኝ፤ ትናንት የወጣችውማ ገና እያመሰገነች ነው” አለችው። እዚሁ አጠገባችን ደሚንግ ከተማ ከሚኖር አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር አገናኘን። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ዳንስ እንደጀመረ ነገረኝ። ሚስቱ ከኋላ ሆና “ድሮም አያውቅበትም ነበር!” ስትል ሰማኋት። ያኔ ልቤ አረፈ።

ዶክተሩ በቪዲዮ አነጋገረኝ። ራጄን ላኩለት፤ በዚህም እዚያ ሁለተኛ ራጅ ከመክፈል ተረፍኩ። አስራ አምስት ፓውንድ እንድቀንስና ጥርሴን እንድታይ አዘዘኝ። ክብደቱን በሁለት ወር ቀነስኩ። ጥርሱን ግን፣ ከዳሌ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ተውኩት። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ዋጋውን አስራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ብሎ በሜክሲኮ ገንዘብ በፔሶ ዘርዝሮ፣ ፈርሞና ማህተም አድርጎ ላከልን። የእሱ ድካም፣ የማደንዘዣው ሐኪም፣ የመገጣጠሚያው ዓይነት ከነስሙ፣ የአልጋው ቀናት፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት መርፌ፣ ሁሉም በየራሱ መስመር ሰፍሯል። ግራሲዬላ ግን ይህም አልበቃት አለ። ቁስሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቢመረቅዝ ማን እንደሚከፍል አስጻፈችው። ዶክተሩ፣ “ወይዘሮ፣ ሃያ ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ነገር ያስጻፈኝ የለም” ቢላት፣ “ሃያ ዓመት ዕድለኛ ነበሩ” አለችው።

ከመሄዴ በፊት ደግሞ እዚህ ክሊኒካችን ውስጥ ያለችውን ነርስ፣ ስመለስ ቁስሌን እንድታይልኝ ለመንኳት። ብዙ ቦታ፣ ውጭ አገር የተሠራ ሰው አንነካም ይላሉ። እሷ ግን “ሙሉ ወረቀቱን አምጪልኝ እንጂ አይሻለሁ” አለችኝ። አንተም እዚያው ከተማህ ሃቭር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሳታገኝ ከቤትህ አትነሳ።

እንግዲህ በጃንዋሪ መጨረሻ ቺዋዋ ደረስን። በደም ምርመራው ኢንፌክሽን ተገኘ። የጥርስ ሐኪሙ አፌን ከፍቶ ሲያይ ከኋላ ያለው መንጋጋዬ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ዶክተር ኦሊቫስ፣ “ይህ መግል በደምዎ ሄዶ አዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ መልሼ ላወጣው ነው” ብሎ ቀዶ ጥገናውን አሥር ቀን አስተላለፈው። ጥርሱን አስነቀልኩ። ችግሩ አሥሩ ቀን ነው፤ ሆቴሉ በቀን ሰባ ዶላር ነበር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ በራሴ ሞኝነት አለቀስኩ። ግራሲዬላ ለቅሶዬን እስክጨርስ ጠብቃ፣ “አለቀ? በይ ሻንጣሽን ዝጊ” አለችኝና ሊቻ ወደምትባል የአክስቷ ልጅ ቤት ወሰደችኝ። ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል በሳምንት ሰማንያ ዶላር ተከራየን፤ ሊቻ ከምትሠራው የዶሮ ሾርባ ጋር። የመመለሻ የአውቶቡስ ቲኬት አስቀድመን አለመቁረጣችንም ጠቀመን። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው መመለሻውን እንዴት ያውቃል?

ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ ልኬ ስለነበር ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ቀሪውን ግማሽ በካርድ ከፈልኩ። ማሽኑ በዶላር ነው በፔሶ ብሎ ሲጠይቀኝ ዶላር ልነካ ስል ግራሲዬላ እጄን መታችኝ። በዶላር ብል ማሽኑ በራሱ ምንዛሪ ሊያሰላብኝ ነበር። በዚያች ምት ከሦስት መቶ ዶላር በላይ ተረፈልኝ፤ እጄ ግን እስከ ማታ ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታል ጋውን ለብሼ፣ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ተጋድሜ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ስደርስ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ። “እመቤቴ፣ የተሻለው መገጣጠሚያ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ይጨመርበታል፤ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ” አለኝ። እስክሪብቶውን ጣቶቼ መሃል ሊያስገባው ትንሽ ቀረው። ኦሪን፣ ሰው እርቃኑን በጋውን ተጠቅልሎ፣ ጣሪያ እያየ ሳለ ምን የማይፈርመው ነገር አለ? ልፈርም ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ እምቢ አለ። በክርኔ ተደግፌ ተነሳሁና፣ “ከተጻፈው ሌላ አንድ ሳንቲም አልከፍልም። ካልሆነ ልብሴን አምጡልኝ” አልኩ። ግራሲዬላ ማህተም ያለበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰውየው አፍንጫ ሥር አደረገችው።

ሰውየው፣ “ይህ የውጭ ታካሚዎች ዋጋ ነው” አለ።

“አዎ፣ የፈረንጅ ዋጋ በለው” አለችው። “እሷ ፈረንጅ ብትሆን እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ዶክተሩን ጥራው።”

ዶክተሩ ቆቡን እንዳደረገ ወጣ። ወረቀቱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። “ፊርማው የእኔ ነው፤ የሚገባላትም የጻፍኩት ነው” ብሎ የሰውየውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ እጄን ይዞ፣ “አሁንም ልብስዎን ይፈልጋሉ ወይስ እንግባ?” አለኝ። “እንግባ” አልኩት። ገባን።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቁመው አስረገጡኝ። በሦስተኛው ቀን ሊቻ ቤት ተመለስኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሃያ ዶላር ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራኝ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለውን ስትሰማ እህቴ ጎበዝ ናት ትል ይሆናል። ከዚህ የሚቀጥለውን ግን ለማንም አልጻፍኩም፤ ለአንተ የምጽፈው የእኔው ቢጤ ገብጋባ ስለሆንክ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መርፌ ለአንድ ወር በየቀኑ መወጋት ነበረብኝ። ከሆስፒታሉ የሰጡኝ አሥሩ ሲያልቅ ፋርማሲው አንዱን ሃያ ሁለት ዶላር አለኝ። ያን ጊዜ የቁጠባው ሰይጣን ሰፍሮብኝ ነበር። እየተራመድኩ ነው፣ ደሜ ለምን ይረጋል ብዬ አምስት ቀን ዘለልኩ። ግራሲዬላ ስትጠይቀኝ ተወግቻለሁ አልኳት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የእግሬ ባት አብጦ፣ ሲነኩት እንደ ምድጃ ይፋጃል። ግራሲዬላ አየችውና የመርፌውን ሳጥን ከፈተች። ባዶ ነው። ጫማዬን እግሬ ላይ አድርጋ ታክሲ ጠራች።

አልትራሳውንዱ ባቴ ውስጥ የረጋ ደም አሳየ። ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው እንደሚገድል አንተም ታውቃለህ። ሁለት ቀን ተኛሁ። ዶክተር ኦሊቫስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ “ወይዘሮ ቬልዳ፣ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ሲጣሉ ኮርቼብዎት ነበር። አሁን ግን ከራስዎ ሕይወት ላይ ነው ዋጋ የቀነሱት” አለኝ። አንድ መቶ አሥር ዶላር ላድን ብዬ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ከፈልኩ፤ ገንዘቡስ ይሁን፣ መሞት እችል ነበር። ያን ሰሞን ደውለህ “ምነው ቆየሽ?” ስትለኝ፣ “አየሩ ተስማምቶኝ ነው” አልኩህ አይደል? ውሸት ነበር። ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ነበር የማወራህ። ይቅር በለኝ።

በሦስተኛው ቀን ግራሲዬላ ሾርባ አምጥታ፣ “ደላላው የሰረቀሽ ገንዘብሽን ነው። አንቺ ግን እኔን ጓደኛሽን ልትሰርቂኝ ነበር” አለችኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀስን።

ሁሉም ተደምሮ፣ ኬንድል የበላውን፣ ጥርሱን፣ ኪራዩን፣ አውቶቡሱንና የራሴን ጥፋት ጨምሮ አስራ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ወጣብኝ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሺህ ያህሉ ሳያስፈልግ የወጣ ነው። አንተ ያንን አታወጣም፤ እኔ አውጥቼልሃለሁ።

አሁን የምልህን ስማ። የጉልበትህን ራጅ በዚህ ሳምንት ኮርሊስ ትላክልኝ፤ ለዶክተር ኦሊቫስ አስተላልፋለሁ፤ ነግሬዋለሁ፣ እየጠበቀ ነው። ምናልባት ቢላዋ አያስፈልገውም ይል ይሆናል። ካስፈለገው ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ ያመጣል። ጥርስህን ነገ ታይ፤ ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው እንዳትለኝ። ለሦስት ወር የታዘዘልኝ ደም ማቅጠኛ ክኒን በሜይ መጨረሻ ያልቃል። በጁን ኤል ፓሶ አውሮፕላን ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። አብሬህ እሄዳለሁ። አልጋህ አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ፤ መርፌህን በየቀኑ ስትወጋ አጠገብህ ሆኜ የማየውም እኔው ነኝ። ግራሲዬላም፣ “ያንን ግትር ወንድምሽን አምጪው፤ ዶክተሩ ደግሞ ናፍቆኛል” ብላለች።

በታናሽ እህቴ አልመራም እንደምትል አውቃለሁ። በዕድሜ ታናሽህ ነኝ። በዚህ ነገር ግን ታላቅህ እኔ ነኝ፤ ቀድሜህ ገብቼ ወጥቻለሁ። ደግሞም ኦሪን፣ አንተ በዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ማየት አልችልም። አንዱን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ኮርሊስን ሳምልኝ፤ ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። ባሏን ድዋይትን፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት እስከ ዛሬ ያላበጀው ምን ቆርጦት እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ከሰላምታዬ ጋር። ትንሿን ታምሲንን በሁለቱም ጉንጯ ሳማት፤ የላከችልኝን ሥዕል ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጎረቤትህን አዛውንቱን ሚስተር ሌፍለርን ሰላም በልልኝ፤ ሚስታቸው እንዴት እንደሆኑም ጻፍልኝ። ሙስንም ጆሮውን አሻሽልኝ፤ ውሻ መሆኑ ምን ይከለክላል።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የማደርሰው ራሴ ነኝ። አምስት መንገድ መሻገር አለብኝ፤ መሃል ላይ ያለው አቀበት ነው። መኪናዬን አላስነሳም።

የምትወድህ እህትህ
ቬልዳ

ሲልቨር ሲቲ፣ ኒው ሜክሲኮ
ኤፕሪል 2 ቀን 2019